ሽማግሌ የተላከበት ፓፓያ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 8 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘነበች፣ ሸዋ ሮቢት

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን የካሚዮኑ ሹፌር አራት ቀን ኪሱ ውስጥ አቆይቶ በላብ አርሶ ነው የሰጠኝ። ቢሆንም አንድ ፊደል አልጠፋብኝም፤ አባታችን ዳዊት ሲያስገለብጡዎት አጠገብዎ ቁጭ ብዬ የቀናሁበት የእጅ ጽሑፍ ነው።

ሥራህ ምንድን ነው ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ጠይቀውኛል። ሥራዬ ከአትክልት ጋር የተያያዘ ነው። የምሠራው አንድ ትልቅ የጣልያን መኮንን ቤት ነው፤ ግቢው ውስጥ የሌለ ተክል የለም፣ ፍሬው ሁሉ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ከዚህ በላይ በደብዳቤ መዘርዘር አይመችም።

የመሬቱን ነገር ሳነብ ምግብ አልበላ አለኝ። በመንገድ ዳር ያለ የመስኖ መሬት ሁሉ ጥጥ ይዘራበታል፤ አዲስ የፍራፍሬ ተክል ተክሎ ያፈራ ብቻ መሬቱ ይተውለታል ተባለ? የአባታችንን የሮቢ ወንዝ ዳር አትክልት ቦታ? አያገኟትም። ሎሚዎቹ አሮጌ ናቸው ብሎ ሹሙ ካልቆጠራቸው አዲስ እንትከልለት።

በጨርቅ ቋጥሬ የላኩልዎ ጥቁር ዘር ፓፓያ ይባላል። ቆላ ይወዳል፤ ውርጭ ካየ ይሞታል። ሎሚ ዓመታት ያስጠብቃል፣ ይህ ግን በዓመቱ ያፈራል። ፍሬው ግንዱ ላይ ተጣብቆ ይንዠረገጋል፤ ሲበስል ውስጡ ቀይና ጣፋጭ ነው። ዘሩን የሸፈነውን እንደ ልጋግ ያለ ነገር በአመድ አሽተው ይጠቡት፣ ጥላ ውስጥ ያድርቁት፣ ከዚያ በጣት አንድ አንጓ ያህል ቀብረው ፍግ ያልብሱት።

ታናሽ ወንድምዎ አስፋው


ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 14 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአስፋው

ለመሆኑ ሳሉ ለቀቀህ? ሹፌሩ ነው የነገረኝ። አንተ «በጣም ደህና ነኝ» ብለህ ጽፈሃል፤ ደህና የሆነ ሰው «በጣም» አይልም። ዝንጅብል ልኬልሃለሁ፤ አፍልተህ ጠጣ፣ ለጣልያኑ እንዳትሰጥ።

ዘርህ በቅሏል። ሃያ ቀን ሙሉ መሬቱ ዝም ሲል ስምህን እየጠራሁ ስሰድብህ ከረምኩ። በማግስቱ ብቅ ብቅ ሲል ደግሞ አፈርኩ፤ ይቅር በለኝ። አሁን ሠላሳ ችግኝ በመስመር ቆሟል። ቅጠሉ የሰው እጅ መዳፍ ይመስላል፣ ጣቱ ግን በዛ።

አንድ ችግኝ መሊካ ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ወስዳለች። የሸሸገችው ከእኔ አይደለም፤ ከባሏ ከአብዱልፈታህ ነው። ከጎረቤት ጋር ለምን ተኳረፈች ብለህ ሹፌሩን ጠይቀሃል አሉ። ሰው አጣሞ ከሚነግርህ እኔው ልንገርህ። አምና አንድ ዓርብ፣ ውሃው የእሱ ተራ ነበር። እሱ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሄዷል፤ ውሃው በቦዩ ማንም ሳያየው ይወርዳል። ውሃ ዝም ብሎ ሲሄድ አንጀቴ አይችልም፤ ትንሽ ወደ እኔ መለስኩት። እሺ፣ ሁሉንም መለስኩት። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ደግሞ የእኔ ተራ ውሃ በእሱ ሸንኮራ ውስጥ ሲንቦራጨቅ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። እሱ በአጥሬ ሲያልፍ አህያውን ያናግራል፣ እኔ ዶሮዎቼን አናግራለሁ፤ ስድቡ ግን ሳይጓደል ይደርሳል።

የእርሻ ሹሙ መጥቶ ነበር፤ እኛ ሲኞሩ ነው የምንለው። ችግኙን በዱላው ነካ ነካ አደረገና በአስተርጓሚ እንዲህ አለ፦ «እስከ መጋቢት ሠላሳ የበሰለ ፍሬ ካላየሁ ሚያዝያ ላይ ጥጥ ይዘራል።» እሺ ጌታዬ አልኩት። አባታችን በእጁ የቆፈረውን ቦይ ለማን ትቼ የት እሄዳለሁ? ስለዚህ የምታውቀውን ሁሉ ጻፍልኝ፣ አንድ ነገር እንዳታስቀር።

እህትህ ዘነበች


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘነበች

ዝንጅብሉ ፍቱን ነው፤ ለጣልያኑ አልሰጠሁም።

በሹፌሩ በኩል ውሃ በየቀኑ ላጠጣው ወይ ላሉኝ፣ ኧረ በፍጹም! የፓፓያ ግንድ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ለስላሳ፤ ሁለት ቀን ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል። አፈሩን ከግንዱ ዙሪያ ከፍ አድርገው ውሃው በጎን ይለፍ። እርስዎ ውሃ እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ እባክዎ ስለ መሬቱ ሲሉ ይታገሡ።

ቅጠሉ ለምን ይጠቅማል ላሉኝ ደግሞ፣ ጠንካራ ሥጋ ተጠቅልሎበት ትንሽ ከቆየ ይለሰልሳል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አትክልተኛ ስለ ሥጋ ምን ያውቃል ይሉኝ ይሆናል፤ እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ሁሉን ያውቃል።

አስፋው


ሸዋ ሮቢት፣ መስከረም 9 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ ለአስፋው

እንኳን አዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። ለዘመን መለወጫ ያን ሽማግሌ አውራ ዶሮ አረድኩት። «ትንሽ ከቆየ» ብለህ ስንት እንደሆነ ስላልጻፍክ ከዋዜማው ጀምሬ በቅጠልህ ጠቅልዬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፈታው ሥጋው ከአጥንቱ ወርዶ ገንፎ ሆኗል። ባሻ ተሰማ ጥርስ የላቸውም፣ እሳቸው ብቻ መርቀውሃል። ሌላው ሰው ምን በላን ብሎ እየተጠራጠረ ሄደ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዛፎቹ ከእኔ ቁመት አልፈው አበቡ! ግን ሁለት ዓይነት አበባ ነው ያወጡት። አሥራ ሰባቱ ግንዳቸው ላይ ልጥፍ ያለ ወፍራም ነጭ አበባ አላቸው። አሥራ ሦስቱ ደግሞ ክንድ ሙሉ የሚረዝም ክር ላይ ትንንሽ አበባ ያንጠለጥላሉ፤ ሽታቸው ደስ ይላል፣ ሌላ ሥራ ግን አይታይባቸውም። መሊካ ወስዳ አብዱልፈታህ ግቢ የተከለችውም እንደዚሁ ክር አንጠልጥሏል። እሱ አሁን የራሱ አድርጎት ከሥሩ አልጋ አውጥቶ እየተኛ ለሰው ሁሉ «አበባው እንዲህ ከሆነ ፍሬው እንዴት ሊሆን ነው!» ይላል አሉ። የትኛው ነው ደህናው?

ዘነበች


አዲስ አበባ፣ መስከረም 16 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘነበች

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ሹፌሩ በር ላይ ቆሟል። የሚያውቅ ሰው ጠይቄያለሁ፤ ማለቴ እኔም አውቅ ነበር፣ ለማረጋገጥ ነው። ረጅም ክር የሚያወጣው ወንድ ነው። ወንዱ አያፈራም። ውሃና ፍግ ይበላል እንጂ አንድ ፍሬ አይሰጥም። ይንቀሉት!

አስፋው


ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 17 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለአስፋው

ሰላምታውን ዛሬ ከመጨረሻው ፈልገው።

እንዳልከኝ አሥራ ሦስቱን ነቀልኩ። ስነቅል መሊካ በአጥር ላይ ሆና እያየች «ሥራ ፈት ወንድ እንዲህ ነው፣ እሰይ!» ትለኝ ነበር። እኔም ከአፌ አይቀርም፣ ባሏ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ያንቺውም ወንድ ነው፣ ሺህ ዓመት ቢተኛበት አይወልድም!» አልኩ። እሱ ወጥቶ ለአህያው «ኢንሻአላህ ያፈራል፣ የምቀኛ ዓይን ይፍሰስ» አላት። ይህን እንዳትረሳ፤ ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው።

ሴቶቹ ፍሬ መያዝ ጀምረው ነበር፤ የአውራ ጣት ያህል ሲሆኑ ቢጫ እየሆኑ ረገፉ። ሁሉም! ጠዋት ጠዋት ከሥራቸው እለቅማለሁ። ትናንት ሲኞሩ መጥቶ አየና ሳቀ። አስተርጓሚው የሳቁን ትርጉም አልነገረኝም። ከዚያ አንድ ሰው በገመድ መሬታችንን ሲለካ ዋለ። እኔ ከሎሚው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም፣ ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ።

ምን አደረግኸኝ? አትክልተኛ ነኝ አላልክም?

ሰላም ነህ ወይ?

ዘነበች


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘነበች

ከእግርዎ ሥር ወድቄ ነው የምጽፈው። ድንጋይ ተሸክሜ የመጣሁ አድርገው ያንብቡት።

አትክልተኛ ነኝ ብዬ በግልጽ አልጻፍኩም፤ ግን እንዲመስልዎ አድርጌያለሁ። ሳህን አጣቢ ነኝ። ፍሬው በእጄ ያልፋል ያልኩት ተበልቶ ሲመለስ ነው። የላኩልዎ ዘር ራሱ ከመኮንኑ ሳህን ላይ የተረፈ ነው። የቄስ ልጅ፣ ዳዊት የደገመ፣ የጣልያን ሳህን ያጥባል ብዬ እንዴት ልጻፍልዎ?

የወንዱንም ነገር የግቢውን አትክልተኛ የጠየቅኩት በወጥ ቤቱ መስኮት ነው። «ወንዱ አያፈራም፣ ይነቀላል» ሲል ተጠራሁና ገባሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሮጬ ሄጄ «ያን ጊዜ ንግግርህን ጨርሰህ ነበር?» አልኩት። «አልጨረስኩም፤ ለአሥር ሴት አንድ ወንድ ይተዋል፣ ያለ ወንዱ አበባ ዱቄት የሴቷ ፍሬ ይረግፋል ልልህ ስል አንተ የለህም» አለኝ።

እትዬ፣ ገና አልመሸም። ሴቶቹ ማበባቸውን አያቆሙም። የወንድ አበባ ተቀጥፎ ቅጠሉ ይላጥና ዱቄቱ በሴቷ አበባ እምብርት ላይ ይታሻል፣ ጠዋት። እኔ በዓይኔ ባላየውም አትክልተኛው ምሎልኛል። ፍሬው ለመብሰል አምስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ከመጋቢት ሠላሳ ወደ ኋላ ይቁጠሩት፤ አንድ ሳምንት እንኳ አይተርፈንም። ከአብዱልፈታህ ዛፍ በቀር ወንድ ፓፓያ በአገሩ የለም። እባክዎ፣ እባክዎ ይሂዱና ይለምኑት።

አፋሩ አስፋው


ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአስፋው

ሳህን ማጠብ ነውር አይደለም። መዋሸት ነው ነውሩ፤ እሱን ስትመጣ በአርጩሜ እንነጋገራለን። አሁን ጊዜ የለኝም።

ዓመት ሙሉ የሰደብኩትን ሰው፣ ያውም ዛፉን አይወልድም ብዬ ያዋረድኩበትን፣ ዘልዬ ገብቼ «አበባ ስጠኝ» ልበለው? አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ፤ ከእኛ ባሻ ተሰማን፣ ከእነሱ ሼህ ሷሊሕን። ሁለቱ ሄደው ጉዳዩን በማር ቀብተው «ልጅህን ለሴት ልጆቿ ፈልጋ ነው» አሉት።

ለካ አብዱልፈታህ ዛፉ ወንድ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ከሥሩ የተዘረጋውን አልጋ አየት አደረገ አሉ። ከዚያ ብድግ ብሎ «ያ ሼህ፣ ይህ እንዴት ይሆናል?» አለ። «የሴት ወገን ነው እንዴ ሽማግሌ የሚልከው? ልጄ የሚለመን ሆነ? ወላሂ ሰው ይስቅብኛል! ይመለሱ፣ እኔ የወንዱ አባት በወጉ እልካለሁ።»

በማግስቱ በወጉ ላከ። ለሁለታችንም የሚሆን ሌላ ሽማግሌ በሰፈሩ ስለሌለ የላከው እነዚያኑ ባሻ ተሰማንና ሼህ ሷሊሕን ነው። ከደጃፌ ቆመው፣ ትናንት ከዚሁ በር እንዳልወጡ ሁሉ «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ» አሉ። አስገባኋቸው። ሼህ ሷሊሕ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

እኔም በወጉ መለስኩ። «እንመካከርበት፣ ለሳምንት ተመለሱ» አልኳቸው።

ምን ላድርግ? የሴት ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለ ልጁ ቀልላ ትታያለች።

ዘነበች


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1933 ዓ.ም.

እትዬ! እትዬ! እትዬ!

ምን ሳምንት? ከማን ጋር ነው የሚመካከሩት? ከዶሮዎቹ ጋር? ዛፍ እኮ ነው! ጥጡ ሊዘራ ነው! ወረቀቱ እንደደረሰዎ፣ እሳት ላይ ያለውን ድስት ሳያወጡ፣ ሄደው እሺ ይበሉ!

አስፋው


ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 6 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለአስፋው

አትጩህብኝ። ያለቀው አንተ በጮህክበት ቀን ነው። ሳምንት ያልኩትን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በሁለት ቀን አጠሩት፤ ባሻ ተሰማ «ጉልበቴ አልቻለም፣ ካንቺ ቤት እሱ ቤት ስንመላለስ የአሊዩ አምባ ገበያን መንገድ ጨረስን» አሉ።

እሺ ካልኩ በኋላ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ሼህ ሷሊሕ ጢማቸውን ይዘው «ሴቶቹ ስንት ናቸው?» አሉ። አሥራ ሰባት አልኳቸው። «አስተግፊሩላህ! ለእኛ እኮ ከአራት በላይ አይፈቀድም» አሉ። ባሻ ተሰማ ደግሞ «ለእኛ ከአንድ በላይ» አሉ። ሁለቱም ተያዩ። እንግዲህ የቀሩትን አሥራ ሦስት ምን ላድርጋቸው? በመጨረሻ ሼህ ሷሊሕ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው «ዛፍ ነው፣ አላህ ሲፈጥረው እንዲህ ነው የፈጠረው፣ እኛ ምን አገባን» ብለው ፈቀዱ።

በማግስቱ ማለዳ አብዱልፈታህ የዛፉን አበባ በሰፌድ ዘርግቶ፣ ሙሽራ ፀሐይ አይንካው ብሎ ኩታ አልብሶ አመጣ። መሊካ እልል አለች። ዓመት ሙሉ ያላናገርኩት ሰው ፊት ቆምኩ። ከእሱ ጋር አህያው አልነበረችም፣ ከእኔም ጋር ዶሮዎቼ አልነበሩም።

«አብዱልፈታህ፣ የዓርቡን ውሃ በድዬሃለሁ» አልኩት።

«እኔም የእሑዱን» አለ። «ለልጆቹ ስጦታ ይሁንና፣ እሑድ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሆኚ ውሃሽን እኔ ወዳንቺ አዞርልሻለሁ። ዓርብ አንቺ ለእኔ።»

«ሙሉውን?» አልኩ።

«ሙሉውን። አንዲት ጭልፋ ብታስቀሪ ግን ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።»

ከዚያ ሦስታችን ስንዞር አረፈድን። እሱ አበባ ይልጣል፣ መሊካ ታቀብላለች፣ እኔ አሻለሁ። አሥራ ሰባተኛዋ ላይ ስንደርስ ወገቤ ተቆረጠ። ከልቤ እነግርሃለሁ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዘነበች


አዲስ አበባ፣ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘነበች

በመጨረሻው ደብዳቤዎ ፍሬው የሰው ጭንቅላት አከለ ያሉትን ለአትክልተኛው ሳነብለት አለቀሰ። አረንጓዴው መሐል ቢጫ ጭረት ሲያወጣ በስሏል ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት አይቅጠፉ፣ ወተቱ እጅ ያቃጥላል።

ስለ ጦርነቱ የሚወራው እውነት ነው ወይ ላሉኝ፣ ደብዳቤ ይከፈታል ይባላልና ብዙ አልጽፍም። ይህን ብቻ ልበል፤ ድሮ ማታ ሠላሳ ሳህን አጥብ ነበር፣ ትናንት ያጠብኩት ስድስት ነው። የቀሩትም እንግዶች ምግብ እየተዉ ይነሳሉ። በእኔ ሥራ ይህ ብዙ ወሬ ነው።

ይልቅ እርስዎ ይጠንቀቁ። የእርሻ ሹሙ ሲናደድ ወይም ሲቸኩል ዛፉን እንዳይቆርጠው እፈራለሁ።

አስፋው


ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአስፋው

ካሚዮን ቆሟል፤ ይህን ደብዳቤ በአንኮበር በኩል ይዞልህ የሚወጣው አብዱልፈታህ ራሱ ነው። በቅሎውን ጭኖ «የሙሽሮቹን አጎት አይቼ እመጣለሁ» ብሎ ነው። በደህና መሆንህን በአፉ ነግሮኝ እስኪመለስ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም። ከቻልክ አብረኸው ና። ናፍቀኸኛል። አርጩሜውን ጥዬዋለሁ።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። መጋቢት ሃያ ሰባት ቀን መንገዱ በጣልያን ካሚዮን ተሞላ፤ ሁሉም ወደ ደሴ ነው የሚሄደው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ የለም። አንዱ ከእኛ በር ላይ ቆመ። ሲኞሩ ወረደ። እኔ ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀድሞ የመጣው ሳይበስል ሊይዘኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እጁን ይዤ፣ አዎ እጁን ይዤ፣ ወደ ዛፎቹ ጎተትኩት። አሥራ ሰባቱም አንገታቸው ድረስ አፍርተዋል። ሁለት ፍሬዎች ቢጫ ሆነዋል። «ይኸው! እይ!» አልኩት።

እሱ ግን ዓይኑ ቀልቷል፣ ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል፣ ዱላውንም አልያዘም። አስተርጓሚው ቀስ ብሎ «ውሃ ካለሽ ነው የሚለው። ከትናንት ጀምሮ አልበላም» አለኝ።

አስፋው፣ ስንት ሌሊት የምናገረውን ስድብ ስደረድር አድሬያለሁ። አንዱም አልመጣልኝም። አንደኛዋን ቢጫ ቀጥፌ ከፈልኩለት። ቆሞ በላ፣ ልጣጩን ሳይቀር። ሲጨርስ ከቦርሳው ካርታ የመሰለ ትልቅ ወረቀት አወጣ፤ መሬታችን በቀይ መስመር ተስሎበታል። በጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታና ዘረጋልኝ።

አስተርጓሚው «መሬቱን ሰጥቼሻለሁ ይላል» አለኝ።

«ማን ለማን?» አልኩ።

አስተርጓሚው መሬት መሬት አየ፤ አልተረጎመውም። ሲኞሩ ደግሞ አመስግኚኝ ብሎ ይጠብቃል። ወረቀቱን ተቀበልኩት። ወፍራምና ጠንካራ ነው። ሁለተኛዋን ፓፓያ ቀጠፍኩ፣ በወረቀቱ ጥሩ አድርጌ ጠቀለልኩና «ለመንገድህ» ብዬ ሰጠሁት።

እህትህ ዘነበች፣ ከሮቢ ዳር፣ ከአባታችን መሬት